ከትምህርት ቤት ወደ ጋጣ፡ የፈረስ ጠባቂነት ሥራ በጅግጅጋ

በዚህ ቡለቲን ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው ስለ ሚዲያ ሕግ፣ ስለ ዜና አጻጻፍና ስለ ፍቅር ነው፡፡ (ስለ ፍቅር የሚጻፈው በዛ ብዬ አላማርርም፡፡) እኔ ግን ለዛሬ ስለ ፈረስ ልጽፍ ነው፡፡ በትክክል ለመናገር ስለ ፈረሱ ሳይሆን ፈረሱን ስለሚያጥበው፣ ስለሚያበላው፣ ፋንድያውን ስለሚዝቀውና ሲታመም ሌሊቱን አብሮት ስለሚያድረው ሰው ነው፡፡ ርዕሱን ለዶርም ጓደኞቼ ስነግራቸው ሳቁብኝ፡፡ አንዱማ «ጋሪ ነጂ ልትሆን ነው እንዴ ጆርናሊዝም የገባኸው?» አለኝ፡፡ እውነቱን ለመናገር ከሆነ፣ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረኝ፡፡

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰድነው ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል፡፡ ከእኛ በፊት የነበሩትም 3.3 በመቶ ነበሩ፡፡ ስለዚህ ከመቶ ተማሪ ዘጠና ሰባቱ ገደማ ወደቀ ማለት ነው፡፡ እኔም ከዘጠና ሰባቱ አንዱ ነበርኩ፡፡ በኋላ የሬሜዲያል ዕድል ደርሶኝ እዚህ ደረስኩ እንጂ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስክንጠራ ድረስ የነበሩትን ወራት ያሳለፍኩት ተወልጄ ባደግኩባት በጅግጅጋ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ አራት አህያና አንዲት ባዝራ ስጠብቅ ነው፡፡ እናቴ ናት የወሰደችኝ፡፡ «ቤት ተጎልተህ ስልክ ስትነካካ ከምትውል አደር ጋ ሂድ» አለችኝ፡፡ አደር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ሲሆን፣ እኛ ሰፈር ግን ሶማሌም ሆነ አማራ፣ ኦሮሞም ሆነ ጉራጌ፣ ታላቅ ሰውን ሁሉ በዚሁ ነው የምንጠራው፡፡ እኔም በዚህ ጽሑፍ ሽማግሌውን አደር እያልኩ እቀጥላለሁ፡፡

ግቢው ውስጥ ከእኔ በፊት የገባ አንድ ልጅ ነበር፡፡ በዕድሜ አንድ ዓመት ያንሰኛል፣ በሥራ ግን አለቃዬ ነበር፡፡ ቤተሰቦቹ በቀብሪ በያህ በኩል ከብት አርቢ ነበሩ፡፡ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል የነበረውን ድርቅ ሁላችንም በዜና ሰምተነዋል፡፡ እሱ ግን በዜና አይደለም የሰማው፡፡ ከብቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ወደ ከተማ ተጠጋ፣ እሱም ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርስ አቋርጦ አደር ጋ ገባ፡፡ እኔ ትምህርት ጠብቄ ነበር የተቀመጥኩት፣ እሱ ግን ትምህርቱን ትቶ፡፡ ይህ ልዩነት መጀመሪያ ላይ አልታየኝም ነበር፡፡

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል፡፡ ዛሬ በአማርኛ የዚህ ሙያ ባለቤት ደህና መጠሪያ የለውም፡፡ «ፈረስ ጠባቂ» ስንል እረኛ ይመስላል፣ «ጋሪ ነጂ» ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ድሮ ግን ባልደራስ የሚባል ማዕረግ ነበር፡፡ ባልደራስ የቤተ መንግሥቱን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚያስተዳድር ሹም ነው፡፡ አዲስ አበባ ውስጥ ባልደራስ የሚባለው ሰፈርም ስሙን ያገኘው ከንጉሡ የፈረስ ጋጣ ነው፡፡ መሳፍንቱና መኳንንቱም በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፡፡ ዓፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዓፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ሐረርጌን የገዙት ራስ መኰንን ደግሞ አባ ቃኘው፡፡ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስም የመጣው ከዚሁ ከራስ መኰንን ፈረስ ነው፡፡ እንግዲህ አስቡት፣ የአንድ ፈረስ ስም ባሕር ተሻግሮ ኮሪያ ድረስ ዘምቷል፡፡ ያንን ፈረስ ጠዋት ጠዋት ሰኮናውን ይጠርግ የነበረው ሰው ስም ግን የትም አልተጻፈም፡፡

«ጅግጅጋ ደግሞ ምን ፈረስ አለ? ግመል ነው እንጂ» የሚል አንባቢ ይኖራል፡፡ አለ፡፡ የኢትዮጵያን ፈረሶች ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጽሑፍ የአገራችንን ፈረሶች በስምንት ከፍለዋቸዋል፡፡ የሐበሻ፣ የባሌ፣ የቦረን፣ የሆሮ፣ የከፋና የሰላሌ ፈረሶች ስድስቱ ናቸው፡፡ የቀሩት ሁለቱ የእኛው አካባቢ ናቸው፡፡ አንደኛው የኦጋዴን ወይም የዊልዋል ፈረስ የሚባለው ነው፡፡ ዊልዋል ማለት በ19ኛው መቶ ዘመን በጅግጅጋ አካባቢ የነበሩት ገራድ ናቸው፣ የከተማችን ኤርፖርትም በስማቸው ነው የሚጠራው፡፡ ሁለተኛው በሐረርና በጅግጅጋ መካከል ባለው በቁንዱዶ ተራራ ላይ ባለቤት ሳይኖረው ዱር ለዱር የሚኖረው ፈረስ ነው፡፡ ቁጥሩ በጣም እየተመናመነ የሄደ በመሆኑ ያሳስባል፡፡ ይህን ለአደር ስነግራቸው አልተገረሙም፡፡ «የእኔዋ ከዊልዋል ናት፣ ወረቀት አያስፈልጋትም» ነው ያሉኝ፡፡

በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ፈረስ የክብርና የጦርነት እንስሳ እንደነበር የታወቀ ነው፡፡ ለሙሽራ ቤተሰብ በሚሰጠው ጥሎሽ ውስጥ ከግመል ጋር ፈረስ ይቆጠር ነበር፡፡ በመጋቢት 1892 ዓ.ም. ጅግጅጋ በነበረው የኢትዮጵያ ጦር ሰፈር ላይ አደጋ የጣሉት የሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ደርዊሾች ከመካከላቸው ብዙ ፈረሰኛ ነበረባቸው፡፡ ሰይዱ ሒን ፊኒን ስለሚባለው ፈረሳቸው የገጠሙት ግጥም እስከ ዛሬ በሶማሌ ሽማግሌዎች ቃል ይወሳል፡፡ ማታ ማታ ግቢያችን ውስጥ ሻይ ሲጠጣ ከፊሉን ሰምቼዋለሁ፣ የገባኝ ግን ጥቂቱ ነው፡፡ የእኔ ሶማሊኛ የገበያ ሶማሊኛ ነው፡፡

አሁን ያለው እውነታ ደግሞ ሌላ ነው፡፡ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅግጅጋ ገዢ በነበሩ ጊዜ ቀጥ ቀጥ አድርገው ባስቀየሱት ጎዳና ላይ ዛሬ የሚሮጠው ባጃጅ ነው፡፡ ሰው የሚያመላልስ የፈረስ ጋሪ ባጃጅ በገባበት ከተማ ሁሉ እየቀነሰ ነው የሄደው፡፡ በጅግጅጋ፣ በቀብሪ በያህና በመሳሰሉት ከተሞች የቀረው ጋሪ በአብዛኛው የአህያ ነው፣ የሚጭነውም ውሃ፣ አሸዋ፣ ብሎኬትና የሱቅ ዕቃ ነው፡፡ በነገራችን ላይ ጋሪ የሚለው ቃል ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን፣ እኛ በአማርኛ በእንስሳ ለሚጎተተው ስንይዘው ሶማሌዎች ግን ለመኪና ሰጥተውታል፡፡ በመጀመሪያው ቀን አደር «ጋሪውን እጠብ» ሲሉኝ የጎረቤት ፒክአፕ መስሎኝ ባልዲ ይዤ ወደዚያ መሄዴን አልረሳውም፡፡

እንግዲህ ሥራው ምንድን ነው? የሚጀምረው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲሆን፣ የሚጀምረውም በማየት ነው፡፡ እኔ የመሰለኝ መኖ በማቅረብ ነበር፡፡ ልጁ ግን በር ላይ አስቆመኝና «መጀመሪያ እይ» አለኝ፡፡ የማታው ድርቆሽ አልቋል ወይስ ተርፏል? ፋንድያው ስንት ቦታ ነው? ጤነኛ ፈረስ በቀንና በሌሊት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ጊዜ ይጥላል፣ ስለዚህ ጋጣው ጠዋት ላይ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ደስ የሚል ነገር አይደለም፡፡ ቆማለች ወይስ ተኝታለች? አራቱንም እግር እኩል ትረግጣለች? ሆዷን ዞራ ታያለች? ይህ ሁሉ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ ነገር ግን በዚያች ደቂቃ የሚታየው ነገር የቀኑን ሥራ ይወስናል፡፡ መምህራችን ስለ ምልከታ ሲያስተምሩን «ዘጋቢ ከመጠየቁ በፊት ያያል» ሲሉ ጋጣው ነው ትዝ ያለኝ፡፡

ከዚያ ውሃ ነው፡፡ አንድ ፈረስ በቀን ከ20 እስከ 40 ሊትር ውሃ ይጠጣል፣ እንደ ሙቀቱና እንደ ሥራው፡፡ የእኛዋ ትንሽ ብትሆንም በሙቀት ቀን አንድ ተኩል ጀሪካን ትጨርስ ነበር፡፡ ውሃ በሞላበት አገር ይህ ምንም አይደለም፡፡ ውሃ በጀሪካን በሚሸጥበት ከተማ ግን፣ በዚያ ላይ ራሱ ግቢው የሚተዳደረው ውሃ በመሸጥ ሲሆን፣ ባዝራዋ የምትጠጣው ሁሉ ከሽያጩ ላይ የሚቀነስ ነው፡፡ ጎረቤቶች አደርን «ይቺን ሸጠህ ሁለት አህያ ለምን አትገዛም?» ይሏቸው ነበር፡፡ በሒሳብ ከሄድን ጎረቤቶች ልክ ናቸው፡፡ አህያ በውሃ ጥም ይጸናል፣ ያገኘውን ይበላል፣ በትንሽ ነገር አይታመምም፡፡ አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ የሆነችውም ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በየካቲት 2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አህያን ለቆዳው ብሎ ማረድ እንዲታገድ መወሰናቸውን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን ግቢ ነው፡፡

ከውሃ ቀጥሎ ድርቆሽ ወይም የማሽላ አገዳ፣ ከዚያ ማጽዳት ነው፡፡ ገላዋ በብሩሽ ይጠረጋል፡፡ ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፡፡ ኮርቻ ወይም የጋሪ ማሰሪያ በሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት አሸዋ ከቀረች ቀኑን ሙሉ ስትፈጭ ውላ ማታ ቁስል ትሆናለች፡፡ ሰኮና የሚጠረገው ደግሞ ከተረከዝ ወደ ጣት ነው፡፡ በሰኮናው መካከል ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ለስላሳ ሥጋ አለ፣ እሱ በስለት መነካት የለበትም፡፡ ከሸተተና ከጠቆረ መበስበስ ጀምሯል፣ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ እርጥብ ጋጣ ነው፡፡ ሰኮና ስታነሱ ከጎን ነው እንጂ ከኋላ አይቆምም፣ ድንገት ከኋላ መጥቶ መንካትም የለም፡፡ ሌላው ደግሞ ማሰሪያ ገመዱን እጅ ላይ መጠምጠም ነው፡፡ ልጁ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት፣ ይህን ትምህርት የከፈለው በእሷ ነው፡፡ ፈረሱ ደንግጦ ሲሮጥ ገመዱ ከእጅ ሊወልቅ ይገባል፣ ካልወለቀ ጣት ይወልቃል፡፡

የጋሪ ነገር ራሱን የቻለ ፊዚክስ ነው፡፡ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ላይ ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ ክብደቱ ሁሉ በእንስሳው ጀርባ ላይ ያርፋል፡፡ ወደ ኋላ ካደላ ደግሞ ሁለቱ ዘንጎች ወደ ላይ ይነሱና የሆዱ ማሰሪያ አህያውን አንጠልጥሎ ያንቀዋል፡፡ ሁለት በርሜል ውሃ 400 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ በርሜሎቹን አንድ ስንዝር ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መግፋት ለአህያው የኑሮ ጉዳይ ነው፡፡ አደር በርሜል ከጫንን በኋላ ዘንጉን በአንድ እጃቸው ብድግ ያደርጉታል፡፡ ቀልሎ ከተነሳላቸው ሂዱ ይላሉ፣ ካልሆነ አውርዱ፡፡ በከተማው ውስጥ የሚታየው አብዛኛው የጀርባ ቁስል የሚመጣው ከዚህና ከናይለን ገመድ ነው፡፡ ናይለን ቆዳ ይቆርጣል፡፡ ከስሩ የጆንያና የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ማድረግ ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ግን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው፡፡

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፡፡ መስከረም መጨረሻ ላይ ውጤት ወጥቶ መውደቄን ያወቅኩበት ሳምንት ነበር፡፡ ባዝራዋ ቀላል ጭነት ይዛ ራቅ ካለ ቦታ በሙቀት ተመልሳለች፣ ልጁ ደግሞ ገበያ ሄዷል፡፡ ላቧ ደረቷ ላይ ይወርዳል፡፡ አሳዘነችኝ፡፡ የአደር ትእዛዝ ግልጽ ነበር፡፡ መጀመሪያ ማሰሪያው ይፈታል፣ ላቧ ይጠረጋል፣ ቀስ እያለች ትራመዳለች፣ ውሃ ጥቂት በጥቂት፣ ከዚያ ድርቆሽ፡፡ ትንፋሿ ተመልሶ ሳትቆይ እህል የሚባል ነገር የለም፡፡ እኔ ግን ከፉርሽካና ከማሽላ የተቀላቀለ አንድ ባልዲ ሙሉ ሰጠኋት፡፡ «ደክማለች፣ ጠግባ ትደር» ብዬ ነው፡፡ ለነገሩ እኔም ያን ቀን የሚያዝንልኝ እፈልግ ነበር፡፡

ለምን ስህተት እንደሆነ አሁን በደንብ ገብቶኛል፡፡ የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፡፡ የተፈጠረው ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጥቂት ሣር እየጋጠ እንዲውል ነው፡፡ ከዚህም በላይ ፈረስ ማስታወክ አይችልም፡፡ ላምና በግ ያመሰኳሉ፣ ውሻ ያስታውካል፣ ፈረስ ግን የዋጠውን ይዞ ወደ ፊት መሄድ ብቻ ነው ያለው፡፡ በአንድ ጊዜ ብዙ እህል ሲገባ ይቦካል፣ ጋዝ ይሞላል፣ አንጀቱ ሊታጠፍም ይችላል፡፡ ይህ ነው የፈረስ ቁርጠት የሚባለው፣ በዓለም ላይ ፈረስን ከሚገድሉ ነገሮችም ዋነኛው ነው፡፡

ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ባዝራዋ በፊት እግሯ መሬት መጫር ጀመረች፡፡ ዞራ ሆዷን ታያለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ለመንከባለል ትፈልጋለች፡፡ ልጁ ጆሮውን ሆዷ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፡፡ ጤነኛ ሆድ ያጉረመርማል፣ ያን ጊዜ ግን ዝም ብሏል፡፡ ሌሊቱን ሙሉ እየተፈራረቅን በግቢው ውስጥ አራመድናት፡፡ ማራመዱ መድኃኒት ሆኖ አይደለም፣ ጥላ እንዳትንከባለል እንጂ፡፡ መኖው ሁሉ ተነሳ፡፡ አደር በስልክ የጠሩት የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ሲመጣ የልብ ምቷን ከመንጋጋዋ ሥር በጣቱ ቆጠረ፡፡ ዕረፍት ላይ ያለ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፣ የእሷ 70 አልፎ ነበር፡፡ የማስታገሻ መርፌ ወጋት፣ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቶ የፓራፊን ዘይት ሰጣት፡፡ «ምን በላች?» ብሎ ጠየቀ፡፡

ዝም አልኩ፡፡

አደር ወደ ልጁ ዞሩ፡፡ የመኖው ኃላፊ እሱ ነበርና፡፡ እሱም ምንም አላለም፣ መሬት መሬት ነው ያየው፡፡ በሶማሊኛ ረጅም ነገር ተናገሩት፣ ግማሹን እንኳ አልሰማሁም፣ ግን «ከነገ ጀምሮ» የሚለው ገብቶኛል፡፡ ንጋት ላይ ፋንድያ ስትጥል ሁላችንም በደስታ ጮህን (በሕይወቴ በፋንድያ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን የለም)፡፡ ልጁ ግን ከጎኔ ተቀምጦ በቀስታ «ባልዲውን አይቼዋለሁ» አለኝ፡፡ አውቆ ነው ዝም ያለው፡፡ እኔ ከዚያ ሥራ ብባረር ወደ እናቴ ቤት ነው የምገባው፣ ትንሽ ቆይቶም ዩኒቨርሲቲ ሊጠራኝ ይችላል፡፡ እሱ ቢባረር ማደሪያውም ያው ጋጣው ነበር፡፡

ለአደር የነገርኳቸው በሁለተኛው ቀን ነው፡፡ ሁለት ቀን ለምን እንደፈጀብኝ አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ፡፡ አልጮሁብኝም፡፡ «እህሉን መስጠትህ አላዋቂነት ነው፡፡ ሰውየው ሲጠይቅ ዝም ማለትህ ግን እሷን ሊገድላት ነበር» ነው ያሉት፡፡ ቴክኒሻኑ ምን እንደበላች ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ነገር ያስብ ነበር ማለታቸው ነው፡፡ ልጁን ጠርተው አጠገቤ አስቀመጡትና ሻይ አስቀዱለት፡፡ ይቅርታ ጠየቁት ለማለት አልችልም፣ ያንን ግን እሱ እንደ ይቅርታ ቆጠረው፡፡ ለእኔ ለሳምንት ያህል የአራቱም አህዮችና የባዝራዋ ፋንድያ ተሰጠኝ፡፡

ቴክኒሻኑ በድጋሚ ሲመጣ ጥቂት ነገር ጠየቅኩት፣ እዚህ ያሉ የፈረስ ወዳጆች ካሉ ይጠቅማልና ላስፍረው፡፡ የጤነኛ ፈረስ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው፣ ትንፋሹ ደግሞ በደቂቃ ከ8 እስከ 16፡፡ ድዱ ሮዝ መሆን አለበት፣ በጣት ተጭነው ሲለቁት በሁለት ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል፡፡ ሚዛን በሌለበት ክብደት በሜትር ይለካል፡፡ ከፊት እግሯ ኋላ የደረቷ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ይለካና በራሱ ይባዛል፣ ከትከሻ እስከ ቂጥ ባለው ርዝመት ይባዛል፣ ከዚያ ለ11,880 ይካፈላል፡፡ የእኛዋ ዙሪያዋ 145፣ ርዝመቷ 130 ነበር፣ ሲሰላ 230 ኪሎ ገደማ መጣ፡፡ የሆድ ትል መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ስለሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው፡፡ ስሌቱን በስልኬ ስሠራ ልጁ ትክ ብሎ ሲያየኝ ነበር፡፡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስተማርኩት፣ ዛሬ የሰፈሩን አህያ ሁሉ ለክቷል፡፡

ስለ በሽታ ካነሳን ሦስቱን ሳልጠቅስ አላልፍም፡፡ አንደኛው በፈንገስ የሚመጣ ሆኖ በእግርና በአንገት ቆዳ ላይ እንደ ዶቃ ተደርድሮ የሚያብጥና መግል የሚያፈስ በሽታ ነው፡፡ የጋሪ ፈረስ በሚበዛባቸው የአገራችን ከተሞች በጣም የታወቀ ሲሆን፣ በዝንብ፣ በቁስልና ማሰሪያ በመዋዋስ ይተላለፋል፡፡ «ማሰሪያህን አውሰኝ» የሚል ጎረቤትን እምቢ ማለት ነውር ቢመስልም አስፈላጊ ነው፡፡ ሁለተኛው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ሲሆን፣ የሚያስተላልፉት ከዝናብ በኋላ የሚፈሉ ጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ናቸው፡፡ ለዚህ ክትባት አለው፣ የሚመረተውም ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ነው፡፡ ሦስተኛው ቴታነስ ነው፡፡ ከቤት እንስሳት ሁሉ ፈረስ በቴታነስ ቶሎ ይጠቃል፣ ብሎኬት በሚራገፍበት ግቢ ውስጥ ደግሞ ዝገት የበላው ሚስማር አይጠፋም፡፡ ይህ በሽታ ወደ ጠባቂውም የሚመጣው በዚያው ሚስማር ስለሆነ ጠባቂውም መከተብ አለበት፡፡

ታዲያ አንድ ትምህርት ያቋረጠ ወይም የወደቀ ልጅ በዚህ ሥራ የት ይደርሳል? እዚህ ላይ ሳልሸነግል መናገር እፈልጋለሁ፡፡ በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ፣ በአውበሬም ሆነ በሺኒሌ ሥራው የሚገኘው በማስታወቂያ አይደለም፣ በሚያውቅህ ሰው ነው፡፡ የኔ ክፍያ ምሳ፣ ሻይና ከዕለቱ የውሃ ሽያጭ ላይ የምትደርሰኝ ጥቂት ብር ነበረች፡፡ ልጁ ማደሪያም ነበረው፡፡ ውል የለም፣ ኢንሹራንስ የለም፣ ጣትህ ቢሰበር የራስህ ነው፡፡ በሌላ አገር ይህ ሙያ በር አለው፡፡ በእንግሊዝ አገር ኒውማርኬት በሚባል ከተማ ከ16 ዓመት ጀምሮ ያሉ ልጆችን ተቀብሎ የጋጣ ሥራና ግልቢያ አስተምሮ ወደ ውድድር ፈረስ ባለቤቶች የሚልክ ትምህርት ቤት አለ፡፡ በ1947 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የእንግሊዝ የፈረስ ማኅበር ደግሞ በደረጃ በደረጃ ይፈትናል፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጣል፡፡ እኔ ለልጁ የሚሆን እንዲህ ያለ ስልጠና በአካባቢያችን ብፈልግ አላገኘሁም፡፡

ሆኖም ጨርሶ በር የለም አልልም፡፡ ባሌ ዲንሾ ላይ ለጎብኚ ፈረስ እያከራዩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፡፡ በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው እንጦጦ ፓርክም ፈረስ ይጋለባል፣ የሚጋለብ ፈረስ ደግሞ ጠባቂ ይፈልጋል፡፡ በአዊ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር ስንት ሺህ ፈረስ ተሸልሞ እንደሚወጣ በቴሌቪዥን አይተናል፡፡ እዚያ ፈረስ መጠበቅ ውርደት አይደለም፡፡ ለእኔ ግን የተሻለው መንገድ ወደ እንስሳት ጤና የሚወስደው ነው፡፡ በጋጣ ውስጥ ዓይኑን የከፈተ ልጅ ትምህርቱን ቢቀጥል በቴክኒክና ሙያ፣ ብሎም ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ባለው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚያስፈልገውን ግማሹን ይዞ ነው የሚገባው፡፡ ስፓና እና ብሩክ የሚባሉት ድርጅቶችም በአገራችን በጋማ ከብት ጤና ላይ ይሠራሉ፡፡ ችግሩ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው፡፡ ስምንተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ልጅ ለዚህ ሁሉ አይመዘገብም፡፡ ስለዚህ «ትምህርት ትቶ ወደ ሥራ መግባት» የሚባለው ነገር ከዚህ ሥራ ከፍ ለማለት ሲፈለግ መልሶ ወደ ትምህርት ቤት በር ያመጣል፡፡ ይህን ለልጁ ስነግረው «ማታ ትምህርት አለ፣ ማታ ግን ባዝራዋ አለች» አለኝ፡፡ ምን ብዬ እመልስለታለሁ? አደር አንድ ሌላ ልጅ ቢቀጥሩ ይቻላል፣ አንድ ሌላ ልጅ ለመቅጠር ደግሞ ባዝራዋን መሸጥ ሊያስፈልግ ነው፡፡

ባለፈው ሴሚስተር ዕረፍት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የገባሁት እዚያ ግቢ ነው፡፡ ባዝራዋ አርግዛለች፡፡ ድንጉላውን ያመጡት ከአውበሬ በኩል ነው፣ ለዚያም አደር ሁለት ወር ሙሉ ተደራድረዋል፡፡ ፈረስ የምታረግዘው አሥራ አንድ ወር፣ ማለትም 340 ቀን ገደማ ነው፡፡ ልጁ የጋጣው ግድግዳ ላይ በከሰል በየቀኑ አንድ መስመር ያሰምራል፣ አምስተኛዋን በአራቱ ላይ ጋደም አድርጎ፡፡ አብረን ቆጠርን፣ 265 ደርሷል፡፡ የመጨረሻዎቹ ወራት መኖዋ ምን ያህል መጨመር እንዳለበት በወረቀት ጻፍልኝ አለኝ፡፡ ጻፍኩለት፡፡ ወረቀቱን ሲቀበለኝ አገላብጦ አየና «ባልዲ ሳይሆን በኪሎ ጻፈው» አለኝ፡፡